ቋንቋ ተምሮ ወደ ዓለም አቀፍ ግንኙነት፦ በየትኛው በር?

ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ፣ ቻይንኛ ወይም እንግሊዝኛ እያጠና «በዓለም አቀፍ ግንኙነት መሥራት እፈልጋለሁ» የሚል ተማሪ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ነው። ከተማዋም ለዚህ ትመቻለች። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ፣ የዛሬው የአፍሪካ ኅብረት የሆነው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከ1963 ጀምሮ መቀመጫቸው እዚሁ ነው፤ ኤምባሲዎቹም ከመቶ በላይ ናቸው። ያም ሆኖ ጎበዝ የቋንቋ ተመራቂ ማመልከቻ ሲያስገባ ዓመታት ይሄዱበታል፤ መልስ ግን የለም። ብዙውን ጊዜ የጎደለው ችሎታ አይደለም። ሥራውን መፈለግ የጀመረው ቋንቋውን መርጦ፣ ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ሥራው ይመረጣል፣ ቀጥሎ ሥራው የሚጠይቀው ቋንቋና ደረጃ፣ በመጨረሻ ሁለተኛው ዲግሪ።

ለአስተርጓሚ ቋንቋው ራሱ ሥራው ነው። ለዲፕሎማት ግን የፖሊሲ ሥራ መሣሪያ ነው። ለተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ከሌላ ሙያ ጋር ካልተጣመረ ዋጋው ትንሽ ነው። በእርዳታ ድርጅት ውስጥ ደግሞ ከፓሪስና ከቤጂንግ ቋንቋ ይልቅ የጅግጅጋና የጋምቤላ ቋንቋ የሚያስቀጥርበት ጊዜ ብዙ ነው። እነዚህን አራት መንገዶች አንድ በአንድ እንያቸው።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር

በዚህ ቤት የጀማሪ ባለሙያ ቀን የሚያልፈው በመጻፍ ነው፦ ሪፖርት፣ የመነጋገሪያ ነጥቦች፣ ለኤምባሲዎች የሚላክ ኖት ቬርባል (ይፋዊ ዲፕሎማሲያዊ ደብዳቤ)፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ። አብዛኛው ጽሑፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ቋንቋ ያለው ሰው ተመራጭ ቢሆንም፣ አማርኛው የተዝረከረከ ከሆነ ፈረንሳይኛው አያድነውም። የአሥር ገጽ ሰነድ አንብቦ ሚኒስትር በሦስት ደቂቃ የሚጨርሰው አንድ ገጽ ማውጣት የሚችል ወጣት ቶሎ ይታያል።

ዕድገቱ መሰላል አለው፦ አታሼ፣ ሦስተኛ ጸሐፊ፣ ሁለተኛ ጸሐፊ፣ አንደኛ ጸሐፊ፣ ካውንስለር፣ ሚኒስትር ካውንስለር፣ ባለሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር፣ አምባሳደር። መሰላሉን መውጣት ዓመታት ይፈጃል፤ በዋናው መሥሪያ ቤትና በውጭ ሚሲዮኖች መካከል እየተፈራረቁ መሥራትም የሥራው ጠባይ ነው። የምትመደቡበትን አገር የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። ዐረብኛ ተምሮ ሌላ አህጉር መመደብ አለ፤ ይህን መቀበል የማይችል ሰው ከወዲሁ ሌላ መንገድ ቢያይ ይሻላል።

የቋንቋ ተመራቂ እዚህ የሚወድቅበት ቦታ ይታወቃል፤ የይዘት እውቀት ነው። ፈተና ከመቅረቡ በፊት እነዚህን ሰነዶች ከነአንቀጾቻቸው ማንበብ ግድ ነው፦ የ1961ዱን የዲፕሎማሲ ግንኙነት የቪየና ስምምነት፣ የ1963ቱን የቆንስላ ግንኙነት የቪየና ስምምነት፣ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር፣ የአፍሪካ ኅብረትን ማቋቋሚያ ሕግ። ከዚያ ላይ የዓባይ፣ የቀይ ባሕርና የኢጋድ አገሮች ጉዳይ ይጨመራል። ሌላው ችግር መጠበቅ ነው። የቅጥር ማስታወቂያው ቀን ቆርጦ አይመጣም፤ ሥራ ሳይዙ እሱን ብቻ የሚጠብቁ ወጣቶች ልምድ የሚያካብቱበትን ጊዜ ያጣሉ። በማንኛውም መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ወይም የፕሮቶኮል ሥራ እየሠሩ መጠበቅ ይሻላል።

ዜግነትም አለ። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን አይቀበልም፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ ይቀራል። በውጭ ያደገ ወጣት ስለዚህ መንገድ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው።

አስተርጓሚና ተርጓሚ

ቋንቋ ወዳዱ ተማሪ በብዛት የሚያልመው ይህን ነው፤ በሩም ከሁሉም ይልቅ ጠባብ ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርገን እንየው።

ተርጓሚ የሚጽፍ ነው፤ አስተርጓሚ የሚናገር ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሁለቱም የሚቀጠሩት በተወዳዳሪ የቋንቋ ፈተና ሲሆን፣ ያለፈ ሰው በተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ቦታ ሲከፈት ይጠራል። ፈተናውን ማለፍ ማለት በማግስቱ ሥራ መግባት አይደለም። የድርጅቱ ቋንቋዎች ስድስት ናቸው፦ ዐረብኛ፣ ቻይንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሩሲያኛና ስፓኒሽ። መሠረታዊው ደንብ ደግሞ ሰው የሚተረጉመው ወደ ዋና ቋንቋው ነው የሚል ነው። አማርኛ ከስድስቱ ውስጥ የለም። ይህ ማለት ኢትዮጵያዊው ተወዳዳሪ ከስድስቱ አንዱን፣ ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛን፣ በቋንቋው ተወልዶና ተምሮ እንዳደገ ሰው አድርጎ መጻፍ አለበት። «ጥሩ እንግሊዝኛ» እዚህ አይበቃም፤ በሰዋስው ያልተሳሳተ ግን የተፈጥሮ ፍሰት የሌለው ዓረፍተ ነገር ነጥብ ያስጥላል።

ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ፈረንሳይኛና ከቀሩት አራቱ አንዱን መረዳት ይጠየቃል። እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ያለው ሰው ለጽሑፍ ትርጉም በሩ ክፍት ነው። በእንግሊዝኛው የአስተርጓሚዎች ካቢን (አስተርጓሚዎች ተቀምጠው በሚናገሩበት ዝግ ክፍል) ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሚፈለገው ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ወይም ሩሲያኛ ነው። ምክንያቱም የዐረብኛውና የቻይንኛው ካቢን አስተርጓሚዎች ራሳቸው ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ ጭምር ይተረጉማሉ። ለዚህም ነው ሌሎቹ ካቢኖች ሁለት ሁለት ሰው ሲይዙ እነዚህ ሦስት ሦስት የሚይዙት። ይህን ሳያውቅ ዐረብኛን አራት ዓመት ተምሮ የእንግሊዝኛውን ካቢን የሚጠብቅ ሰው ድካሙ ከንቱ ይቀራል።

ሥራው ምን ያህል ይከብዳል? በካቢን ውስጥ ያሉት አስተርጓሚዎች በየ20ው ወይም በየ30ው ደቂቃ ይፈራረቃሉ፤ አእምሮ ከዚያ በላይ ስለማይችል ነው። በሳምንት የሚመደብላቸው የሦስት ሰዓት ስብሰባም እስከ ሰባት ነው። በጽሑፍ ትርጉም ለረጅም ጊዜ የሠራው መለኪያ በቀን አምስት ገጽ ነበር፤ አንዱ ገጽ 330 ቃል ሆኖ ይቆጠራል።

የዓለም አቀፍ ጉባኤ አስተርጓሚዎች ማኅበር ቋንቋዎችን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ይከፍላቸዋል። ኤ የአፍ መፍቻ ወይም እኩያው ነው፤ ቢ ወደ እሱ መተርጎም የሚቻልበት ነው፤ ሲ ሙሉ በሙሉ የሚረዱት ግን ወደ እሱ የማይተረጉሙበት ነው። ቋንቋዎቻችሁን በሐቅ በዚህ ልክ መድቡ። አብዛኛው ተመራቂ ቢ ነው ብሎ የሚያስበው ቋንቋ ገና ወደ ሲ እየተጠጋ ያለ ነው።

ሥልጠናው ያለ ሁለተኛ ዲግሪ እምብዛም አይገኝም። በአፍሪካ ይህን ትምህርት በጋራ ማዕቀፍ ከሚሰጡት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ናይሮቢ፣ የጋናው ሌጎን፣ የካሜሩኑ ቡኤያ፣ የሴኔጋሉ ጋስቶን በርጀ፣ የካይሮው አይን ሻምስና የማፑቶው ፔዳጎጂካ ይገኛሉ። መግቢያ ላይ የማስታወስና የመተርጎም ፈተና ስላለ፣ ከማመልከታችሁ ስድስት ወር በፊት የሚከተለውን ልምምድ በየቀኑ ሥሩ።

የአምስት ደቂቃ ንግግር ክፈቱ። የተባበሩት መንግሥታት ድረ ገጽ ቴሌቪዥን ለዚህ ጥሩ ነው፤ አንዱን ስብሰባ በተናጋሪው ድምፅም በትርጉሙም ያሰማል። ከላይ የሚገለበጥ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ቃላቱን ሳይሆን ሐሳቡን ጻፉ፦ ማን፣ ምን አደረገ፣ ለማን፣ በሰያፍ ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ እየወረዳችሁ። አንድ ሐሳብ ሲያልቅ ገጹን አቋርጦ የሚሄድ መስመር አስምሩ። ቁጥር፣ ስምና ቀን ሳይዘገዩ ወዲያው ይጻፋሉ፤ ከሁሉ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ንግግሩ ሲያልቅ ወደ አማርኛ መልሳችሁ ድምፃችሁን ቅዱ፤ ከዚያ የተቀዳውን ከዋናው ጋር አስተያዩ። በመጀመሪያው ወር የሚጠፋው ብዙ ጊዜ «ግን»፣ «ምክንያቱም»፣ «ካልሆነ በቀር» የሚሉት ማያያዣዎች ናቸው። እነሱ ሲጠፉ የተናጋሪው አቋም ይገለበጣል።

ይህ ሁሉ የሚያስፈራ ከሆነ መካከለኛ ደረጃም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በኤምባሲዎችና በፕሮጀክቶች ዐውደ ጥናቶች ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚያስተረጉም ሰው ይፈለጋል፤ ክፍያውም በቀን ነው። ገቢው ወጣ ገባ ነው፤ ልምዱ ግን ትልቅ ነው። ለእያንዳንዱ ጉባኤ የአጀንዳውን የቃላት ዝርዝር ራሳችሁ አዘጋጁ፤ የመስኖ ስብሰባና የወንጀል ሕግ ስብሰባ ቃላት አይገናኙም።

የተባበሩት መንግሥታትና የአፍሪካ ኅብረት ሠራተኛ

የተባበሩት መንግሥታት ቅጥር በዋናነት በሦስት ጎራ ይከፈላል። ጂ የሚባለው የአገልግሎት ዘርፍ ከአካባቢው የሚቀጠር ነው። ኤን ኦ ለአገሬው ዜጎች የተመደበ የባለሙያ ቦታ ነው። ፒ ዓለም አቀፍ የባለሙያ ቦታ ነው። የቋንቋ ተመራቂ በቀላሉ የሚገባው በመጀመሪያው ነው፦ በስብሰባ አገልግሎት፣ በጽሕፈት፣ በፕሮቶኮል። ደመወዙ በአዲስ አበባ መለኪያ ጥሩ ስለሆነ ብዙዎች ደስ ብሏቸው ይገባሉ። ሆኖም ከጂ ወደ ፒ የሚደረግ ሽግግር እንደ ተራ የደረጃ ዕድገት አይታይም፤ ፈተናና ውድድር ይጠይቃል። ፒን የሚያልም ሰው ጂ ላይ አሥር ዓመት ከመቀመጡ በፊት ይህን ያስላ። የሙያ ዲግሪ ያለው ሰው በኤን ኦ ቢጀምር የሚያካብተው ልምድ ለፒ ይበልጥ ይቀርባል።

የወጣት ባለሙያዎች ፕሮግራም ለፒ አጭሩ መንገድ ነው። ዕድሜ ከ32 መብለጥ የለበትም፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃል፤ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ መናገር ይጠየቃል። ነገር ግን የሚሳተፉት በድርጅቱ ውስጥ ሠራተኛቸው ያነሰ አገሮች ዜጎች ብቻ ናቸው፤ ዝርዝሩም በየዓመቱ ይለዋወጣል። ጥናት ከመጀመራችሁ በፊት የዓመቱን ዝርዝር ተመልከቱ። የአፍሪካ ኅብረትም ለባለሙያ ቦታዎች የአገር ኮታ ይጠቀማል፤ ከዕጩው ብቃት ጎን ለጎን የአገሩ ድርሻ መሙላቱ ይታያል።

የማስታወቂያ ንባብ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በቋንቋ ረድፍ ላይ «ያስፈልጋል» እና «ተመራጭ ነው» የሚሉት እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ከሌላችሁ ማመልከቻው ገና በማጣሪያ ይወድቃል፤ ሁለተኛው ከሌላችሁ መወዳደር ትችላላችሁ። በአዲስ አበባ ማስታወቂያዎች ላይ እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው ወገን፣ ፈረንሳይኛ ከሁለተኛው ወገን ሆነው ብዙ ጊዜ ይታያሉ።

የሥራ ልምምዱን በጊዜው ያዙት። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ኢንተርንሺፕ የሚቀበለው በመጨረሻው የመጀመሪያ ዲግሪ ዓመት ላይ ያለን፣ የማስተርስ ተማሪን ወይም በቅርቡ የተመረቀን ነው፤ ከምረቃ ብዙ ከቆያችሁ በሩ ይዘጋል። ክፍያ የለውም። ለአዲስ አበባ ልጅ ግን ከቤቱ እየተመላለሰ ስለሚሠራው ከጄኔቫና ከኒውዮርክ ይልቅ ይቀለዋል። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ደግሞ ከ18 እስከ 35 ዓመት ላሉት ነው። በየትኛውም ደረጃ የተባበሩት መንግሥታት ከአመልካች ገንዘብ አይቀበልም። «ለምዝገባ»፣ «ለሥልጠና»፣ «ለቪዛ» ተብሎ ገንዘብ የሚጠየቅበት የቅጥር ደብዳቤ ማጭበርበሪያ ነው።

የእርዳታ ድርጅቶች

በዚህ መስክ የአገር ቤት ቋንቋ ይከፍላል። ጅግጅጋና ዶሎ አዶ ሶማሊኛ፣ ጋምቤላ ኑዌርኛ፣ አሶሳ ዐረብኛ፣ ከኤርትራ የመጡ ስደተኞች ጋር ትግርኛ ይፈለጋሉ። እነዚህን የሚናገር ተማሪ በሲቪው ላይ «የአካባቢ ቋንቋ» ብሎ በአንድ መስመር አያልፋቸው፤ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን ለይቶ ደረጃውን ይጻፍ። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እስረኞችን ሲጎበኝ አስተርጓሚው ከሌላ አገር የመጣ እንዲሆን ስለሚፈልግ፣ ሶማሊኛ ወይም ዐረብኛ የሚችል ኢትዮጵያዊ በዚህ በኩል ውጭ አገር የመሥራት ዕድል አለው።

ጉዳቱ ውሉ ነው። የፕሮጀክት ገንዘብ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል፤ የስድስት ወርና የአንድ ዓመት ውል የተለመደ ነው።

ቋንቋውን መምረጥ

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ አገልግሎት ማሠልጠኛ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ያወጣው ግምት ለፈረንሳይኛ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት፣ ለኪስዋሂሊ 900 ገደማ፣ ለዐረብኛና ለቻይንኛ 2,200 ነው። በሳምንት አሥር ሰዓት ለሚማር ሰው ፈረንሳይኛ አንድ ዓመት ተኩል፣ ቻይንኛ ከአራት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። አማርኛ ተናጋሪ በዐረብኛ ከዚህ ግምት ይቀለዋል፤ የግሥ አረባቡ፣ በፆታ መለየቱና ቃል ከሥር ፊደላት መውጣቱ እንግዳ አይሆንበትም። በቻይንኛ ግን እንዲህ ያለ እርዳታ የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ በአፍሪካ ኅብረት፣ በኢኮኖሚ ኮሚሽኑና በኤምባሲዎች ዙሪያ ለመሥራት አንድ ቋንቋ ብቻ መጨመር የሚችል ሰው ፈረንሳይኛን ይውሰድ። ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ይሠሩበታል፤ ጅቡቲም ጎረቤታችን ናት። ትምህርቱ በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ይገኛል። ለቆንስላ ሥራ፣ ለባሕረ ሰላጤውና ለቀይ ባሕር ጉዳይ ዐረብኛ ይበልጣል፤ ነገር ግን ሁለት ዐረብኛ መማር ይጠይቃል። የሰነዱ ፉስሃ (መደበኛው የጽሑፍ ዐረብኛ) ነው፤ ጅዳ ወይም ቤይሩት ውስጥ ከአሠሪ ወይም ከፖሊስ ጋር ሲነጋገሩ የሚሰማው ደግሞ የአካባቢው ዘዬ ነው። ፉስሃ ብቻ የተማረ ሰው ጋዜጣ ያነባል፤ ስልክ ሲያነሳ ግን ይቸገራል።

ቻይንኛ በንግድ፣ በመሠረተ ልማትና በኤምባሲ የኢኮኖሚ ክፍል ያስገባል። እዚህ ላይ ደረጃውን ማጋነን ይበዛል። በስድስት ደረጃ በተዋቀረው የኤችኤስኬ ፈተና አራተኛው ደረጃ 1,200 ቃል፣ ስድስተኛው 5,000 ቃል ነው፤ በአራተኛው ደረጃ ስለ ውል መደራደር አይቻልም። ኪስዋሂሊ እ.ኤ.አ. በ2022 የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ሆኗል። ፊደሉም ድምፁም ቀላል ነው፤ ፈረንሳይኛ ላለው ሰው ርካሹ ተጨማሪ እሱ ነው። ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽና ሩሲያኛ ግልጽ ዓላማ ላለው ሰው እንጂ ለጀማሪ አይመከሩም።

የምስክር ወረቀት የሚያገለግልበት ዘመንም ይለያያል። ዴልፍ የሚባለው የፈረንሳይኛ ምስክር ወረቀት ጊዜ አያልፍበትም፤ ስለዚህ ተማሪ ሳላችሁ ቢ2 የሚባለውን ከመካከለኛ በላይ የሆነ ደረጃ ውሰዱት። ከመቶ 50 ማለፊያ ነው፤ ነገር ግን ከአራቱ ክፍሎች በአንዱ ከ25 ከ5 በታች ያገኘ ድምሩ ቢደርስም ይወድቃል። ብዙ ሰው መናገር ጥሩ ነው ብሎ መስማትን ችላ ይላል፤ እዚያው ይያዛል። ሌላው የፈረንሳይኛ ፈተና ቲሲኤፍና የእንግሊዝኛው አይኤልትስ ሁለት ዓመት ነው የሚያገለግሉት፤ እነሱን ማመልከቻው ሲቃረብ እንጂ አስቀድሞ መፈተን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ዲግሪ

ዓላማው ሚኒስቴሩ ከሆነ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ወይም ዓለም አቀፍ ሕግ ተገቢ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ክፍልና የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም አሉ። ዓላማው የተባበሩት መንግሥታት ከሆነ ግን ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሕግ ወይም የሕዝብ ጤና የተሻለ ይመስለናል። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተርስ ያለው አመልካች በጣም ብዙ ነው፤ መረጃ ተንትኖ በሁለት ቋንቋ የሚጽፍ ጥቂት ነው።

ውጭ ለመማር ለሚያስብ ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል ምሳሌ ይሁን። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ይኸውም ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ ከትምህርቱ በኋላም ሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው። ስለዚህ ከምረቃ ማግስት ጀምሮ የሠራችሁበትን ሰዓት፣ የአለቃችሁን ስምና ደብዳቤውን ያዙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ማስረጃ ማሰባሰብ አድካሚ ነው።

ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት

ለአንድ ወር የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ሞክሩ። በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ አንብባችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ በአማርኛ አንድ ገጽ ማስታወሻ ጻፉ፤ ይህን አምስት ቀን ድገሙት። በሁለተኛው ሳምንት ከላይ ያየነውን የማስታወሻ ደብተር ልምምድ ሥሩ። ቀጣዮቹን ሁለት ሳምንታት በየቀኑ አንድ የሥራ ማስታወቂያ ዘርዝሩ፤ የሚጠየቀውን ዲግሪ፣ የልምድ ዓመትና ቋንቋ በሦስት ረድፍ መዝግቡ። አሥር ማስታወቂያ ሲሞላ የጎደላችሁ ቋንቋ ነው ወይስ ሙያ ሰንጠረዡ ላይ ይታያል። የጎደለው ሙያ ከሆነ ለሦስተኛ ቋንቋ ልትከፍሉ ያሰባችሁትን ገንዘብ ወደ እሱ አዙሩት፤ ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ከአሥሩ ማስታወቂያ በብዛት «ያስፈልጋል» የተባለውን መርጣችሁ ተመዝገቡ።